ሁለት ባላና ሁለት ዛፍ፦ በኢሉባቦር መንገድ ላይ ስለሚሰካ መኪና የቀረበ ሐተታ

አማርኛ ተናጋሪ ስለ ጥንቃቄ ሲያስብ ፈጥነው ወደ አፉ ከሚመጡት ተረቶች አንዱ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው ሲሆን፣ ሌላው «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለው ነው። ሁለቱም ከአንድ ሕዝብ አፍ የወጡና በኑሮ የተፈተኑ ቢሆኑም፣ ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዱ የሌላውን ምክር ያፈርሳል። የመጀመሪያው ሰው የሚደገፍበት ነገር ሁሉ ሊከዳው እንደሚችል አውቆ መጠባበቂያ እንዲያበጅ ሲመክር፣ ሁለተኛው ልብን ለሁለት የከፈለ ሰው ሁለቱንም እንደሚያጣ ያስጠነቅቃል። እነዚህን ተረቶች ማስታረቅ የጥበብ ሥራ ሆኖ ሲኖር፣ በዚህ ዘመን ግን ጥያቄው በአንድ ተሽከርካሪ አካል ውስጥ ተቀርጾ በየማለዳው ከባለቤቱ ፊት ይቆማል፤ ተሽከርካሪውም ፕላግ-ኢን ሃይብሪድ የሚባለው መኪና ነው።

ፕላግ-ኢን ሃይብሪድ በአንድ ገላ ሁለት የጉልበት ምንጭ የያዘ መኪና ነው፤ ከኮፋኖው ሥር በቤንዚን የሚሠራ ሞተር፣ ከወለሉ ሥር ደግሞ ሶኬት ላይ ተሰክቶ የሚሞላ ባትሪ አለው፤ ከዚህ ባትሪ ጉልበት እየወሰደ ጎማውን የሚያዞር የኤሌክትሪክ ሞተርም ተጨምሮለታል። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው ፕሪየስና መሰሎቹ ተራ ሃይብሪዶች ባትሪያቸው ትንሽ ስለሆነና የሚሞላውም ከራሱ ከመኪናው ሞተርና ፍሬን ሲያዝ ከሚገኘው ጉልበት ብቻ ስለነበር፣ ነገሩ እስከ ሥሩ ሲመረመር ጉልበታቸው ሁሉ ከቤንዚን የመጣ ነበር። የቻይናው ቢዋይዲ እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ለገበያ ያቀረበው ኤፍ3ዲኤምና ከእሱ በኋላ የተከተሉት መኪኖች ግን ከውጭ፣ ማለትም ከግድግዳ ሶኬት፣ የሚመጣ ሌላ ጉልበት ይቀበላሉ፤ «የሚሰካ» የሚለው ቅጽል የመጣውም ከዚህ ነው። የብዙዎቹ ባትሪ ከ10 እስከ 25 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚባለው የቤት ቆጣሪ ፍጆታን የሚመዘግብበትና ክፍያ የሚታሰብበት መለኪያ ነው። በዚህ መጠን የተሞላ ባትሪ መኪናውን እንደ መንገዱና እንደ ጭነቱ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ያለ አንዲት ጠብታ ቤንዚን ያስኬደዋል፤ ባትሪው ሲያልቅ ቤንዚኑ ጉዞውን ይረከባል።

ስሙ ራሱ ትንሽ ቆም ብሎ ማሰብን ይጠይቃል። «ሃይብሪድ» የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን፣ በጥንት አነጋገሩ ከለማዳ እሪያና ከዱር እሪያ የተወለደውን ግልገል ይጠራበት ነበር። በአማርኛ በቀጥታ ልተካው ያለ ሰው «ዲቃላ» ከሚለው ቃል ጋር ይጋጫል፤ ይህ ቃል ግን ስድብ የተጫነው በመሆኑ ለዕቃ እንኳ አይመችም። ሆኖም ቋንቋው ለተዳቀለ ፍጡር ያለ ኀፍረት የሚሰጠው፣ እንዲያውም ክብር የተጨመረበት አንድ ስም አለ፤ እርሱም በቅሎ ነው። በቅሎ ከአህያ አባትና ከፈረስ እናት ትወለዳለች፤ ከአህያው ጽናትንና የእግር ጥንቃቄን፣ ከፈረሷ ቁመትንና ጉልበትን ወርሳ ነገሥታት፣ ጳጳሳትና ባላባቶች ከፈረስ ይልቅ የመረጧት መጓጓዣ ሆናለች። ስለ ዘሯ ተጠይቃ «እናቴ ፈረስ ናት» ብላ መለሰች የሚለው ተረት የሚነቅፈው ኩራቷን ነው እንጂ አገልግሎቷን አይደለም። የፕላግ-ኢን ሃይብሪድ ባለቤትም ስለ መኪናው ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ ከኤሌክትሪኩ ይጀምራል፤ ስለ ቤንዚኑ የሚያነሳው ሁለተኛ ጥያቄ ሲከተል ነው። ይህንንም እንደ ውሸት መቁጠር አይገባም፣ ምክንያቱም ሰው ራሱን የሚያስተዋውቀው ሊሆን በሚመኘው ወገኑ ነው።

የበቅሎዋ ምሳሌ በምዕራብ ኢትዮጵያ ባለችው በኢሉባቦር ላይ ሲወርድ ከምሳሌነት ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር ከተደረገው ስምምነት በኋላ በባሮ ወንዝ ዳር በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ሲቋቋም፣ የምዕራቡ ደጋ ቡና፣ ሰምና ቆዳ በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ሸክም ከጎሬ ተነሥቶ በቡሬ በኩል ወደ ቆላው ይወርድ ነበር። ከጋምቤላ ወደ ሱዳን የሚያሻግረው የእንፋሎት ጀልባ የሚመጣው ባሮ ሞልቶ ሊያንሳፍፈው በሚችልበት በክረምቱ ወራት ብቻ ነበር፤ ወንዙ ሲጎድል ጀልባው አይመጣም፣ ሲራራ ነጋዴውም ዕቃውን አከማችቶ የውሃውን ጊዜ ይጠብቃል። እንግዲህ የኢሉባቦር ንግድ ከመቶ ዓመት በፊት በሁለት ጉልበት ይንቀሳቀስ የነበረ ነው፤ አንደኛው ሣር የሚበላ፣ ሌላው እሳት የሚነድበት፤ አንደኛው ሁልጊዜ የሚገኝ ነገር ግን ዝግተኛ፣ ሌላው ፈጣን ነገር ግን የወንዙን ፈቃድ የሚጠይቅ። የነጋዴው ጥበብ የነበረው ከሁለቱ የሚበልጠውን በመምረጥ ሳይሆን፣ አንዱ ቆሞ ሌላው የሚጀምርበትን ቦታና ጊዜ ጠንቅቆ በማወቅ ላይ ነበር።

ይህን ዕውቀት ዛሬ ለማግኘት ወደ ታሪክ መሄድ አያስፈልግም፤ በኢሉባቦር ያለችውን የመቱን ከተማ ማጀት መመልከት ይበቃል። በብዙ ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ፤ ከደጅ ወይም ከጓዳው ጥግ ደግሞ ሦስት ጉልቻ ወይም የእንጨት ምድጃ አለ፣ በጣራው ክፈፍ ሥርም ዝናብ እንዳይነካው የተደረደረ ፍልጥ ይታያል። እመቤቲቱ ሊጡ ኩፍ ብሎ ሲደርስ መጀመሪያ የምታየው መብራት መኖሩን ነው፤ ካለ በምጣዱ ትጋግራለች፣ ከሄደም ሊጡ ሳይኮመጥጥ እንጨቱን ታቀጣጥላለች። ምጣዱ ስላለ እንጨቱን አልጣለችም፣ እንጨቱ ስላለም መብራቱን ሳትጠቀም አልቀረችም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ መብራት እያለ በእንጨት አትጋግርም፣ ምክንያቱም ጭሱን፣ ድካሙንና የፍልጡን ዋጋ ታውቃለች። በዚህ ማጀት ውስጥ ሁለቱ ባላዎች ተተክለዋል፣ ሁለቱ ዛፎች ግን አልተወጡም። የፕላግ-ኢን ሃይብሪድ ኮምፒውተር በሺህ በሚቆጠሩ የፕሮግራም መስመሮች የሚሠራው ስሌት ይህችው እመቤት በአንድ እይታ የምትወስነው ነገር ነው፤ ስለዚህም የዚህ መኪና ትክክለኛ አዋቂ ከሾፌሩ ይልቅ ጋጋሪዋ ናት ብሎ መጻፍ ማጋነን አይሆንም።

ማጀቱና መኪናው የሚለያዩበት አንድ ነጥብ ግን አለ፤ የሐተታው ዋና ጉዳይም ያ ነው። በእንጨት መጋገር ዓይንን ያቃጥላል፣ ልብስን ያጨሳል፣ ወገብን ያጎብጣል፤ ስለዚህ ወደ ምጣዱ የመመለስ ፍላጎት ሁልጊዜ ይኖራል። መኪናው ግን በቤንዚን ሲሄድም ሾፌሩን አያስለቅሰውም፤ መቀመጫው ያው ነው፣ መሪውም ያው ነው፣ የማርሚታው ጭስ የሚቀረውም ከኋላ ላለው ነው። ስለሆነም ማታ ደክሞት የገባ ባለቤት ገመዱን ሳይሰካ ቢተኛ ጠዋት የሚቀጣው ነገር የለም፤ መኪናው በቤንዚኑ ይነሣለታል። አንድ ማታ ይዘለላል፣ ቀጥሎ ሁለት ማታ፣ ከዚያ ገመዱ ከፖርቶ ባጋሊዮው ሳይወጣ ወር ይሞላዋል። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ በአውሮፓ መንገዶች ላይ ያሉ ፕላግ-ኢን ሃይብሪዶች በተግባር የሚለቁት የካርቦን ጋዝ በአምራቾቹ ይፋዊ ሰነድ ከተጻፈው በአማካይ ሦስት ተኩል እጥፍ ሆኖ መገኘቱን ገልጿል፤ ዋናው ምክንያትም ባለቤቶቹ የታሰበውን ያህል አለመሰካታቸው ነው። መብራት በማይጠፋበት አገር፣ ከቤታቸው በር ላይ ሶኬት ያላቸው ሰዎች አልሰኩም። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት መሣሪያው ደካማ ነው የሚል አይደለም፤ መጠባበቂያ በጣም ሲመች ዋናውን ያስረሳል የሚል ነው።

ያልተሰካ ፕላግ-ኢን ሃይብሪድ ከተራ ቤንዚን መኪና የሚብሰው በዚህ ላይ ነው፤ ከመቶ ኪሎ ግራም የሚበልጥ ባትሪ ተሸክሞ፣ ያንን ባትሪ ለመሸከም ቤንዚን እያቃጠለ ይሄዳል። ገበያ ሄዳ ባዶ ስልቻ ጭና ለምትመለስ በቅሎ ባለቤቷ ያዝንላታል፤ ይህኛው ግን ጭነቱ ከወለል በታች ስለተሰወረ የሚያዝንለት የለም።

በመቱ የሚኖር ሰው ግን ለመሰካት ጥሩ ምክንያት አለው፣ ምክንያቱንም የሰጠችው ምድሪቱ ናት። ከመቱ እስከ ጎሬ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሄዶ መመለሱ ሃምሳ ይሆናል። በመቱ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ በመቱ ካርል ሆስፒታል የሚያክም፣ ወይም ወደ ሁሩሙ ወጣ ብሎ ቡና የሚሰበስብ ሰው የዕለት መንገዱ በአንድ ሌሊት በሞላ ባትሪ ውስጥ ያድራል። በሌላ በኩል ወደ በደሌ ለመሄድ ከ100 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ አለ፣ አዲስ አበባ ደግሞ በ600 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ናት፤ በዚህ ጊዜ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄድ መኪና ያለው ሰው መንገድ ላይ የሚሞላበትን ቦታ ከመነሣቱ በፊት ማሰላሰል ይኖርበታል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ፈጣን የመሙያ ጣቢያ ሲከፍት እንኳ የጀመረው ከአዲስ አበባ ነው። የኢሉባቦር ሰው ኑሮ እንግዲህ በሁለት ርዝመት የተሠራ ነው፤ የየዕለቱ መንገድ አጭር፣ የዓመቱ መንገድ ረጅም፤ መኪናውም ለዚሁ ልክ የተሰፋ ልብስ ይመስላል።

ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያስተውለው ዝምታውን ነው። ቁልፉን ነክቶ ሞተሩ የተነሣ አይመስለውም፤ ፍሬኑን ሲለቅ ግን መኪናው ይንሸራተታል። በያዩ ደን ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት በመዘገበው የጫካ ቡና መሬት ላይ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሰው መስኮቱን ዝቅ ቢያደርግ የጉሬዛውን ጩኸትና ጎማው በእርጥቡ አስፋልት ላይ የሚያወጣውን ፍሽታ ይሰማል፤ ከዚህ ቀደም በዚያ መንገድ ሃያ ዓመት የተመላለሰ ሾፌር እንኳ ይህን ድምፅ የሰማው ቆሞ ሲያርፍ ብቻ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ዝምታው አደጋም አለው፤ በመቱ ጎዳና እግረኛው መኪና መምጣቱን የሚያውቀው በጆሮው ነው፣ ባጃጁም፣ ከብት ነጂውም፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ሕፃንም እንደዚያው። በአውሮፓ እንዲህ ያሉ መኪኖች በዝግታ ሲሄዱ ሰው ሰራሽ ድምፅ እንዲያሰሙ በሕግ ተደንግጓል፤ እዚህ ሕጉ እስኪደርስ ድረስ ኃላፊነቱ የሾፌሩ ነው፣ ክላክስ መንካትም ያስፈልገዋል፣ ከዚያ ይበልጥ ግን ፍጥነት መቀነስ።

ከዚያ ድንገት ቤንዚኑ ይነሣል። ሾፌሩ ዳገት ላይ እግሩን ጠበቅ ሲያደርግ ወይም ባትሪው ሲጎድል፣ ከኮፋኖው ሥር ያልተጠራ ሰው የገባ ያህል ድምፅ ይመጣል፤ የሞተሩ ጩኸት ደግሞ ከጎማው ፍጥነት ጋር ሁልጊዜ አብሮ አይሄድም፣ አንዳንዴ መኪናው ዝግ ብሎ ሳለ ሞተሩ ባትሪ ለመሙላት ያጓራል። በማርሽ መኪና ያደገ ጆሮ በዚህ ይረበሻል፣ መካኒክ ጋ የሚሄድም አለ። ብልሽት ግን አይደለም፤ እጁና እግሩ ሲወስኑት የኖሩትን ነገር አሁን ሌላ አእምሮ ስለሚወስንለት ነው የሚከብደው።

ከጎሬ ወደ ጋምቤላ የሚወርደው መንገድ ይህን መኪና ከየትኛውም መማሪያ መጽሐፍ በተሻለ ያስረዳል። ጎሬ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን ጋምቤላ በ500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ መንገዱ በቡሬ በኩል አድርጎ 1,500 ሜትር ያህል ይወርዳል። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ከዚያ ከፍታ ሲወርድ ክብደቱ የሚሰጠው ጉልበት ሲሰላ 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ የተወሰነው በነፋስና በጎማ ሰበቃ ቢጠፋም የቀረው ለመንገድ የሚሆን ስንቅ ነው። በተራ መኪና ይህ ሁሉ በፍሬን ሸራ ላይ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል፤ ቁልቁለቱን በጭነት የወረደ ሾፌር ሁሉ የሚያውቀው የተቃጠለ ሽታም ይኸው የባከነ ጉልበት ነው። ፕላግ-ኢን ሃይብሪድ ግን ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ ላይ ሲያነሣ የኤሌክትሪክ ሞተሩን ወደ ጄኔሬተርነት ለውጦ፣ ቁልቁለቱን መልሶ ባትሪ ውስጥ ያስገባል። ሰው ዳገት ሲወጣ የከፈለውን ሲወርድ በከፊል የሚያስመልስበት እንዲህ ያለ ዕድል በመጓጓዣ ታሪክ ውስጥ ብዙም አልነበረም፤ በቅሎ እንኳ ቁልቁለት ስትወርድ ትደክማለች እንጂ አትጠግብም።

እዚህ ላይ ብዙ ባለቤቶች የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ። አስተዋይ ነኝ ያለ ሰው በጎሬ ሌሊቱን ሙሉ ሰክቶ ባትሪውን ጢም አድርጎ ይነሣል፤ ቁልቁለቱ ሲጀምር ግን የሞላ ባትሪ አንዲት ጠብታ አይቀበልም። የዳሽቦርዱ ቀስት ወደ ባትሪው መጠቆሙን ያቆማል፣ መኪናው ስጦታውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ያጣል፣ ያ ሁሉ ጉልበትም እንደ ድሮው በፍሬን ወይም በሞተር መጎተት ይባክናል። ሙሉነት ራሱ ድህነት የሚሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው፤ ቦታ ያላስቀረ አይቀበልም። የመንገዱን መልክ የሚያውቅ ሰው ከጎሬ ሲነሣ ባትሪውን በከፊል አጉድሎ ይነሣል፤ ሲመለስ ደግሞ በተቃራኒው ከጋምቤላ ሞልቶ ወይም በሜዳው ላይ ቤንዚኑን አስቀድሞ ባትሪውን ለዳገቱ ይቆጥባል፤ ይህን የሚያስችል ባትሪን አቆይ የሚል ማዘዣ በብዙዎቹ መኪኖች ላይ አለ። ባትሪው ባዶ ሆኖ ዳገቱን የጀመረ ሰው የሚያጉረመርመው «ጉልበት የለውም» ብሎ ነው፤ እውነቱን ነው፣ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር አየሩ እየሳሳ ሲሄድ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው አይነካውም። የሲራራው መሪ ይህን ሁሉ ያለ ዳሽቦርድ ያውቅ ነበር፤ የበቅሎዋን ጉልበት በሜዳው ላይ አይጨርስም፣ ዳገቱ ከፊቱ እንዳለ ያውቃልና። መኪናው ዛሬ ስላለበት ቦታ ብዙ ያውቃል፣ ነገ ስለሚደርስበት ቦታ የሚያውቀው ግን ባለቤቱ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ መብራት መናገር ይገባል። አማርኛ የኤሌክትሪክን ጉልበት ሁሉ «መብራት» ብሎ ይጠራዋል፤ በጠራራ ፀሐይ ወፍጮ ቢቆም «መብራት ሄደ» ይባላል፣ ሲመለስም «መብራት መጣ»። ከብዙ አገልግሎቱ አንዱን፣ ጨለማን የሚገፋውን፣ ለይቶ ስሙ አድርጎታል፤ ደግሞም እንደ እንግዳ የሚመጣና የሚሄድ አካል አድርጎ ይናገርለታል። በኢሉባቦር ይህ እንግዳ አገሩ ሩቅ አይደለም። ከመቱ ብዙም ሳይርቅ፣ በበቾ አቅጣጫ፣ ሶር ወንዝ ከደኑ መካከል ወደ ገደል ይወረወራል፤ በዚሁ ወንዝ ላይ በ1980ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው 5 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ትንሽ የኃይል ጣቢያ ከብሔራዊው መረብ ተነጥሎ ለረጅም ጊዜ የአካባቢውን ከተሞች አብርቷል። ሶር ወደ ገባ፣ ገባ ወደ ባሮ ይፈስሳል፤ ይህም ያ የእንፋሎት ጀልባዎቹን ያንሳፍፍ የነበረው ውሃ ነው። 5 ሜጋ ዋት ብዙ አይደለም፤ አንድ መኪና በሚሞላበት ጊዜ 3 ኪሎ ዋት ቢወስድ፣ 1,600 ያህል መኪኖች በአንድ ጊዜ ቢሰኩ ለአንድ አምፖል እንኳ ሳይተርፍ ያልቃል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ ሲሆን፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይሁንና የማመንጨት አቅም ወደ አንድ መንደር ትራንስፎርመር ካልደረሰ ባለመኪናው ቤት አይገባም፤ የምዕራቡ ዝናብ ምሰሶ ሲጥልና ዛፍ በሽቦ ላይ ሲያስተኛ፣ ግድቡ ምንም ያህል ቢሞላ በዚያ ሌሊት የሚሰካ ነገር የለም።

የነዳጁ ወገንም እንዲሁ የራሱ ጣጣ አለው። መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሣት በጀመረበት በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ከ50 ብር በታች የነበረው አንድ ሊትር ቤንዚን በጥር 2017 ዓ.ም. ከ100 ብር አልፏል፤ ማደያ ሲደርቅ ደግሞ በሃይላንድ ጠርሙስ ተሞልቶ በመንገድ ዳር የሚሸጠው ዋጋው ሌላ፣ ንጽሕናውም የሚያጠራጥር ነው። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ሲያስታውቅ፣ ኢትዮጵያ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ እርምጃ በመውሰድ ቀዳሚ ሆናለች። የውሳኔው ዓላማ ለነዳጅ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ መቆጠብ ነው፤ ዓላማውም ትክክል ነው። ነገር ግን አዲስ አበባን አይቶ የተወሰነ ነገር የኢሉባቦርን ዝናብ አይቶ መፈተን ይኖርበታል፤ ሁለቱ ባላዎች እኩል የሚሰበሩበት አገር ውስጥ የሚኖር ሰው ሁለቱንም መያዝ መፈለጉ ወላዋይነት አይደለም።

ያልተነካ መጠባበቂያም ያረጃል። በየማታው ሳይታክት የሚሰካ፣ የዕለት መንገዱም አጭር የሆነ ባለቤት ወራት ሙሉ ቤንዚኑን ሳይነካ ሊቆይ ይችላል፤ በሰልባትዮው ውስጥ የተኛ ቤንዚን ግን ቀስ በቀስ ባሕርይውን ይለውጣል፣ ሞተሩም ዘይቱ ሳይዞር ይደርቃል። በዚህ ምክንያት አሜሪካ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሸቭሮሌ ቮልት ነዳጁ እንዳያረጅ ባለቤቱ ባያዘውም ሞተሩን በራሱ ጊዜ እያስነሣ ያሮጠው ነበር። ሲጠቀሙበት የሚያልቅ፣ ሳይጠቀሙበት ሲቀሩ ደግሞ የሚበላሽ ነገር ይዞ መኖር ጥንቃቄን ወደ ሥራ ይለውጠዋል፤ መጠባበቂያ አንዴ ተገዝቶ የሚረሳ ዕቃ ሳይሆን እንደ ከብት የሚጠበቅ፣ የሚጎበኝ፣ አልፎ አልፎም ወጥቶ የሚራመድ ነገር ነው። ጋጋሪዋ ፍልጧን በየጊዜው ከታች ወደ ላይ እያገለበጠች የምታደርቀው ይህንን አውቃ ነው።

በቅሎ አትወልድም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ይህ መኪናም የሽግግር ዘመን ፍጡር እንጂ ዘር የሚተካ አይደለም፣ ነገ መብራቱ ሲስተካከልና መሙያው በየከተማው ሲቆም ይቀራል የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። ፈርዲናንድ ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ1900 ቤንዚንና ኤሌክትሪክን ያጣመረ መኪና ሠርቶ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ያህል ተኝቶ ነው የተነሣው። የማይወልድ ነገር ሁሉ ጊዜያዊ አይደለም፤ በቅሎ ባትወልድም ፈረስና አህያ እስካሉ ድረስ ትኖራለች፣ በኢትዮጵያ ዳገቶችም ላይ ከብዙ ነገሥታት ዘመን በላይ ኖራለች። የመኪናው ዕድሜም የሚወሰነው በፋብሪካው ሳይሆን የመቱ ትራንስፎርመርና የመቱ ማደያ እርስ በርስ በሚተማመኑበትና በማይተማመኑበት መጠን ነው።

ሁለቱ ተረቶች በመጨረሻ የሚታረቁት በገመዱ ላይ ነው። ሁለት ባላ መትከል የመኪናው ሠሪ ሥራ ነው፤ በአንዱ ዛፍ ላይ መውጣትን መምረጥ ግን የባለቤቱ፣ ያውም የየማታው ሥራ። ስለዚህ በመቱ፣ በጎሬ ወይም በበደሌ ይህን መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው ከዋጋው አስቀድሞ ሊመረምራቸው የሚገቡት ነገሮች በቤቱ ውስጥ ናቸው። ተራ የግድግዳ ሶኬት 2 ኪሎ ዋት ገደማ ስለሚሰጥ 18 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ለመሙላት ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚወስድ፣ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት መኪናው ከተሰካ ብሬከሩ ይወድቃል፣ ወይም ያረጀው ሽቦ ግድግዳው ውስጥ ይግላል። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ገመድ መካከሉ ላይ ያለችው ትንሽ ሣጥን ባለሙያዎች ኤርዝ የሚሉት የመሬት መስመር ከሌለ ቀይ አብርታ አልሞላም ትላለች፤ ብዙ ቤት ይህ መስመር የለውም፣ ሣጥኗን ለማታለል የሚሞክርም አይጠፋም፣ በእርጥብ መሬት ላይ በባዶ እግሩ የሚቆም ልጅ ባለበት ግቢ ግን ይህ ከቶ ሊደረግ የማይገባው ነገር ነው። ገዢው መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርቶ ኤርዙን ያስቀብር፣ ለመኪናው ብቻ የሚሆን መስመር ከቆጣሪው ያስስብ፣ ዝናብ የማይደርስበት ሶኬት ያስተክል፤ ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ ካልሆነ ተራውን ቤንዚን መኪናውን እየነዳ ይቆይ።